ፕራይመሩ ይነክሳል ወይስ ያቅፋል? ለሞዴል ኪት የኤርብራሽ ፕራይመር አመራረጥ

ለሳምንታት የተለፋበት ሞዴል (ከፕላስቲክ ክፍሎች የሚገጣጠም ትንሽ አውሮፕላን ወይም ታንክ) ላይ ቀድሞ የተቀባውን ቦታ ለመሸፈን የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፣ ኤርብራሽ በሚባለው በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ ቀለም ይረጫል፣ ከዚያ ፕላስተሩ ሲነሳ ቀለሙም እስከ እርቃን ፕላስቲኩ ድረስ ተገሽልጦ አብሮት ይወጣል። መጀመሪያ የሚወቀሰው ፕላስተሩ ነው፤ ቀጥሎ የላይኛው ቀለም። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ሥር ነው ያለው፦ ፕላስቲኩን በቀጥታ በነካችው የመጀመሪያዋ ስስ ሽፋን፣ በፕራይመሩ።

ምርጡ የኤርብራሽ ፕራይመር የቱ ነው ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ ሚስተር ሰርፌሰር ይላል፣ ሌላው ስታይኒልሬዝ፣ ሦስተኛው ቫዬሆ። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ የሚረጨው ጥሩ አየር ማውጫ ባለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሌላው ከቤተሰቡ ጋር በሚኖርበት ክፍል ጥግ ነው የሚሠራው፤ ሦስተኛው ደግሞ ለስላሳ የቪኒል ምስል ይዟል። ስለዚህ የምርት ስም ከመምረጥ በፊት ሦስት ነገር መታወቅ አለበት፦ ከፕራይመሩ ሥር ያለው ቁስ ምንድን ነው? ከላዩ የሚመጣው ቀለም ምን ዓይነት ነው? ርጭቱስ የት ነው የሚካሄደው?

ፕራይመር ሥራው ምንድን ነው?

የብረት በር የሚሠራ ባለሙያ ቀለም ከመቀባቱ በፊት በሩን አንቲ ረስት ያለብሰዋል። የቤት ቀለም ቀቢ ደግሞ ግድግዳውን በስቱኮ ያስተካክላል። የሞዴል ፕራይመር የሁለቱንም ሥራ እጅግ በሳሳ ሽፋን ይሠራል።

ዋናው ሥራው መያዝ ነው። ከሻጋታ የወጣ ፕላስቲክ ለስላሳ ነው፤ ቀለም የሚቆናጠጥበት ነገር አያገኝም። ሁለተኛው ሥራው ማጋለጥ ነው። ግራጫ ፕላስቲክ፣ ክፍተት የሚሞላበት ነጭ ስቱኮና ብርሃን የሚያሳልፍ ማጣበቂያ ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይን ይታለላል፤ ያልተዘጋ ስንጥቅና የብርጭቆ ወረቀት ጭረት አይታይም። ሁሉም አንድ ወጥ ግራጫ ሲለብስ ግን የተደበቀው ይወጣል። ሦስተኛው ሥራው ማመሳሰል ነው፤ የላይኛው ቀለም በስቱኮውም፣ በፕላስቲኩም፣ ለጥቃቅን ክፍሎች በሚውለው ናስም ላይ አንድ ዓይነት መልክ እንዲይዝ ያደርጋል።

ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ስሞች አሉ፤ ፕራይመር እና ሰርፌሰር። ፕራይመር ዋና ዓላማው ማያያዝ ነው። ሰርፌሰር ዋና ዓላማው ጥቃቅን ጭረት መሙላትና ገጽን ማስተካከል ነው፤ እንደ ቀጠነ ስቱኮ ይታሰብ። አብዛኞቹ የሞዴል ምርቶች ሁለቱንም በተለያየ መጠን ይሠራሉ፤ ስማቸው ግን የትኛው ሥራ እንደሚበልጥባቸው ይናገራል። "ሰርፌሰር" የሚል ጠርሙስ ገዝቶ ናስ ላይ አልያዘልኝም ማለት፣ ስቱኮን ለምን ሙጫ አልሆንክም ብሎ እንደመውቀስ ነው።

ቅጥነቱ ለምን እንደሚያስጨንቅ በሒሳብ ማየት ይቻላል። 1:72 በሆነ፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ በሚያንስ አውሮፕላን ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር የተከመረ ሽፋን በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 7.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቅብ ማለት ነው። በ1:35 ታንክ ላይ ደግሞ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የብሎን ራሶችና የፓነል መስመሮች የሚሰጥሙት በዚህ ነው። የቤት ወይም የመኪና ፕራይመር ጥሩ ሆኖ ሳለ ለሞዴል የማይመከረውም ለዚሁ ነው፤ ለበርና ለመኪና አካል ታስቦ የወፈረ ነውና።

ያለ ፕራይመር መቀባት አይቻልም?

ይቻላል። ኪቱ በሙሉ ከአንድ ዓይነት ፖሊስታይሪን (የተለመደው ጠንካራ የኪት ፕላስቲክ) ከሆነ፣ ስቱኮ ካልነካውና ላዩ የሚመጣው ላከር (በኃይለኛ ማሟሟያ የተሠራ ቀለም) ከሆነ ቀለሙ ራሱ ፕላስቲኩን ይይዛል። የታሚያ ኤክስ እና ኤክስኤፍ አክሪሊኮችም በላከር ቲነር ሲቀጥኑ እርቃን ፕላስቲክ ላይ በደንብ ይቆማሉ። በውሃ የሚሠሩት፣ ለምሳሌ የቫዬሆ ሞዴል ኤር፣ እርቃን ፕላስቲክ ላይ በጥፍር ሲነኩ ይፋቃሉ፤ ለነሱ ፕራይመር ግዴታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ናስ፣ ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ከያዘ በኋላ የሚጠነክር ቁስ) ወይም ስቱኮ የተቀላቀለበት ሥራም እንዲሁ።

በላከርና በአክሪሊክ መካከል ያለው ልዩነት ምኑ ላይ ነው?

የምርጫው እምብርት ይኸው ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ፕራይመሩ ፕላስቲኩን ከሚይዝበት መንገድ ነው።

ላከር የሚባለው ሬዚኑ (እዚህ ላይ የቀለሙ ማያያዣ ማለት ነው) በኃይለኛ ማሟሟያ ውስጥ የሟሟ ቀለም ነው። ጨው የሟሟበት ውሃ ሲተን ጨው ብቻ እንደሚቀር፣ እዚህም ማሟሟያው ተንኖ ሬዚኑና ቀለሙ ይቀራሉ። ይኸው ማሟሟያ ታዲያ ፖሊስታይሪንንም በመጠኑ ያሟሟል። ርጭቱ ሲያርፍ የፕላስቲኩን ገጽ ለአፍታ ያለሰልሰውና ሬዚኑ ከሱ ጋር ተዋህዶ ይደርቃል። ይነክሳል የምንለው ይህን ነው። የጂኤስአይ ክሬዎስ ሚስተር ሰርፌሰር ቤተሰብና የታሚያ ሊኩዊድ ሰርፌስ ፕራይመር የዚህ ወገን ናቸው።

በውሃ የሚሠሩት ሌላ ጠባይ አላቸው። እነ ቫዬሆ ሰርፌስ ፕራይመርና የባጀር ስታይኒልሬዝ አክሪሊክ ፖሊዩረቴን ናቸው፤ በውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ እጅግ ደቃቅ የሬዚን እንክብሎች ማለት ነው። ውሃው ሲሄድ እንክብሎቹ ተጠጋግተው ይቀላቀሉና ወጥ ቆዳ ይሆናሉ። ይህ ቆዳ ፕላስቲኩን አይነክስም፤ ዙሪያውን አጥብቆ ያቅፈዋል። ከደረቀ በኋላ ውሃ መልሶ አያሟሟውም፤ የተቀቀለ እንቁላል ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ።

የተቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። የሚነክሰው ቶሎ ይደርቃል፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ዱቄት እየሆነ ይለቅቃል፤ ጠርዙ ከፕላስቲኩ ጋር ሳይለይ ይሳሳል። የሚያቅፈው ግን በተለይ ሳይበስል፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ከታሸ እንደ ላስቲክ እየተጠቀለለ በቁራጭ ይነሳል። ላከር ኤርብራሽ ውስጥ ቢደርቅ ቲነሩ መልሶ ያሟሟዋል። ፖሊዩረቴን ከደረቀ ግን ኖዝሉን (ቀለሙ የሚወጣበትን ቀዳዳ) ነቅሎ መቆፈር ይመጣል። በሌላ በኩል ላከር ጠንካራ ትነት አለው፤ ያለ አየር ማውጫ የማይታሰብ ነው። ፖሊዩረቴን ሽታው ቀላል ነው፤ ለስላሳና ተለጣጭ ገጽ ላይም የተሻለ ይቆማል።

ኢናሜል የሚባል፣ በዘይት ላይ የተመሠረተ ፕራይመርም አለ። በአኳራጅ መሰል ቲነር ይቀጥናል፣ ጥሩ ይይዛል፤ ነገር ግን ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል፣ ላዩ ላይም ላከር ሲረጭበት ሊሸበሸብ ይችላል። ዛሬ በኤርብራሽ ለሚሠራ ሰው እሱን የሚመርጥበት ብዙ ምክንያት የለም።

500፣ 1000፣ 1500 የሚሉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

በሚስተር ሰርፌሰር ጠርሙስ ላይ የሚታዩት ቁጥሮች አካሄዳቸው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቅንጣቱ ይደቃል። 500 ወፍራም ነው፤ ስንጥቅና ጥልቅ ጭረት በብሩሽ ለመሙላት ይመቻል። 1000 መካከለኛ ነው፤ ሬዚን ወይም ብዙ የታሸ ገጽ ሲኖር የመሙላት አቅሙ ይጠቅማል። 1200 ትንሽ ይደቃል። 1500 ለመጨረሻ ገጽ የተሠራ ነው፤ የደረቀው ሽፋን ሐር የመሰለ ነው፣ ዝርዝሩንም አይሸፍንም።

ከፍተኛው ቁጥር ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። 1500 ደቃቅ ስለሆነ አይሞላም። ገጹ በ400 ቁጥር ወረቀት ታሽቶ ከተተወ 1500 ጭረቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል እንጂ አይደብቀውም። 1500 የሚረጭ ሰው አስቀድሞ ገጹን እስከ 1000 ቁጥር ወረቀት ድረስ ማሸት ይኖርበታል። ለማሸት ትዕግሥት ያነሰው ከ1000 ቢጀምር ያዋጣዋል።

ከሥሩ ያለው ቁስ ምን ይመርጣል?

ጠንካራው የኪት ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ነው፤ ሁለቱም ዓይነት ይስማማዋል፣ ላከር ግን ይበልጥበታል። ኤቢኤስ የሚባለው፣ በተለይ በሮቦት ኪቶች የውስጥ አካልና መገጣጠሚያ ላይ የሚገኘው፣ ጥንቃቄ ይሻል። ክፍሎቹ ተገጣጥመው እርስ በርስ በሚገፋፉበት ቦታ የላከር ማሟሟያ ዘልቆ ከገባ ፕላስቲኩ ራሱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ክፍሎቹን ነጣጥሎ መርጨት፣ ሽፋኑን ማሳሳት፣ ወይም በውሃ ወደሚሠራው መሄድ ነው።

ሬዚን መጀመሪያ የሚፈልገው እጥበት ነው። ከሻጋታ ማላቀቂያው ቅባት ላዩ ላይ ይቀራል፤ ቅባቱ ካልለቀቀ የትኛውም ፕራይመር ይገሸለጣል። በሦስት አውታር ማተሚያ የታተመ ሬዚን ሌላ ችግር አለው። ታጥቦ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሙሉ በሙሉ ካልበሰለ ከውስጥ የሚወጣው ያልበሰለ ሬዚን ፕራይመሩን ለዘላለም ሙጫ አድርጎ ያስቀረዋል። እጅ ሲነካው የሚጣበቅ ከሆነ ፕራይመር አይረጭበትም፤ ተመልሶ ይታጠባል፣ ይበስላል።

ናስና ሌላ ብረት ላይ ላከር የሚነክሰው ነገር የለም። በስሱ የተቀረጹትን የናስ ክፍሎች በደቃቅ ወረቀት ማደብዘዝ፣ በአልኮል መጥረግ፣ ከዚያ እንደ ሚስተር ሜታል ፕራይመር ያለውን ለብረት የተሠራ ግልጽ ፈሳሽ በስሱ መቀባት ያስፈልጋል። ተራው ግራጫ ፕራይመር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለስላሳ ቪኒል ላይ ኢናሜል አይረጭ። ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ወደ ቀለሙ ስለሚገባ ሽፋኑ ለወራት እየተጣበቀ ሊቆይ ይችላል፤ ላከርም ከዚሁ አደጋ ነፃ አይደለም። እዚህ ላይ ተለጣጩ ፖሊዩረቴን ይመረጣል። ሰም መሰል ስሜት ያላቸው የፖሊኤቲሊን ትናንሽ ወታደሮች ደግሞ ማንንም አይወዱም፤ በደንብ ታጥበው፣ ፖሊዩረቴን ለብሰው፣ ከዚያም እንዳይታጠፉ መጠበቅ ብቻ ነው።

የመስታወት ክፍሎችስ? የአውሮፕላን መስታወት ከፖሊስታይሪን የተሠራ ስለሆነ ላከር ያደበዝዘዋል። መስኮቱን በፕላስተር ሸፍኖ፣ ክፈፉ ላይ መጀመሪያ የውስጡን ቀለም፣ ከዚያ ፕራይመሩን፣ ከዚያ የውጪውን ቀለም በስሱ መርጨት ይሻላል። በመስታወቱ በኩል ወደ ውስጥ ሲታይ የሚገኘው ያኔ የውስጡ ቀለም ይሆናል እንጂ የፕራይመሩ ግራጫ አይሆንም።

ላዩ የሚመጣው ቀለምስ?

ላከር ፕራይመር ከደረቀ በኋላ ማንኛውንም ይሸከማል፤ ላከር፣ አክሪሊክ፣ ኢናሜል። ሌላ ላከር ሲመጣበት ትንሽ ይለሰልስና አብሮ ይደርቃል፤ ጥሩ ነው። በውሃ የተሠራ ፕራይመር ላይ ላከር ሲረጭ ግን ፕራይመሩ ሙሉ በሙሉ መብሰል አለበት፤ የመጀመሪያዎቹ ሽፋኖችም ደረቅ ያሉና ስስ መሆን አለባቸው። እርጥብ አድርጎ ያዘነበበት ሰው ገጹ ሲሸበሸብና በጥቃቅን ስንጥቅ ሲሞላ ያያል። በአጭሩ፣ ደካማ ማሟሟያ በጠንካራው ላይ ሲመጣ ችግር የለም፤ ጠንካራው በደካማው ላይ ሲመጣ ነው ችግሩ።

የፕራይመሩ ቀለም ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ በተለይ የላይኛው ቀለም ስስ ሲሆን። ግራጫ ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል፤ ጉድለት የሚያጋልጠውም እሱ ነው፣ ጥላም ብርሃንም በላዩ ላይ ይታያልና። ቢጫ፣ ቀይና ብርቱካንማ ግራጫ ላይ ይሞታሉ፤ ነጭ ይፈልጋሉ። ለቢጫ ሮዝ ፕራይመር ከነጭም ይበልጣል፤ ቢጫውን ያሞቀዋል፣ በጥቂት ሽፋንም ያስሞላዋል። ነጭ ግን በባሕርዩ የመሸፈን አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ በአንዴ ለማንጣት የቸኮለ ሰው ፓነሎቹን ይቀብራል።

ጥቁር ለሁለት ሥራ ይፈለጋል። አንዱ ከጥቁር ተነስቶ ቀለሙን ወጣ ገባ አድርጎ በመርጨት ጥልቀት ማምጣት ነው። ሌላው የብረት መልክ ያላቸው ቀለሞች መሠረት ነው። መስታወት የሚመስል ክሮም የሚፈልግ ሰው ደብዛዛ ጥቁር ፕራይመር አይበቃውም፤ በላዩ አንጸባራቂ ጥቁር ያስፈልገዋል። የክሮም ቀለም ገጹን እንዳለ ስለሚያሳይ ሥሩ ካላንጸባረቀ ላዩም አያንጸባርቅም።

ምን ያህል ይቅጠን? በስንት ግፊት?

ከፕራይመሩ ምርጫ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ይህ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ "መጥፎ ፕራይመር" የሚባለው በትክክል ያልቀጠነ ፕራይመር ነው።

ለሚስተር ሰርፌሰር 1500 መነሻው አንድ እጅ ፕራይመር በአንድ እጅ ቲነር ነው፤ ብዙዎች እስከ አንድ በሁለት ይደርሳሉ። ሚስተር ሌቨሊንግ ቲነር መድረቁን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር ስላለው ጠብታዎቹ ከመድረቃቸው በፊት ተዘርግተው ይስተካከላሉ፤ ለስላሳ ገጽ የሚገኘው በሱ ነው። ውህዱ በኩባያው ግድግዳ ላይ ሲወጣ እንደ ወተት ስስ ሽፋን ትቶ መውረድ አለበት። ተንጠልጥሎ ከቀረ ወፍሯል፤ ምንም ሳይተው ከወረደ ቀጥኗል። ግፊቱ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ1 እስከ 1.4 ባር፤ ኖዝሉ 0.3 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ስታይኒልሬዝ ሳይቀጥን እንዲረጭ ነው የተሠራው፤ ግን 0.5 ሚሊ ሜትር ኖዝልና ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ ይፈልጋል። ቫዬሆም በ0.4 ወይም በ0.5 ኖዝል ይመቸዋል። በ0.3 የሚሠራ ሰው የራሱን የምርቱን ቲነር ጥቂት ጠብታ ይጨምር፤ በመርፌው ጫፍ ላይ እንዳይደርቅም የፍሰት ማሻሻያ ጠብታ ያግባበት። አልኮል ግን አይጨመርበት። ፖሊዩረቴኑ እንደ እርጎ ይቋጥርና ኤርብራሹን ይዘጋዋል። ይህን ስህተት የሚሠራው አልኮል ለታሚያ አክሪሊክ ሲስማማ ያየ ሰው ነው። የታሚያው አልኮል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሁለቱም "አክሪሊክ" ስለተባሉ ብቻ አንድ አይደሉም።

ከሕንጻ መሣሪያ መደብር የሚገዛ ርካሽ የላከር ቲነርስ? ለኤርብራሽ ማጠቢያ ግሩም ነው። ፕራይመር ለማቅጠን ግን ስብጥሩ ከጣሳ ጣሳ ስለሚለያይና ለፕላስቲክ ሊከብድ ስለሚችል ባይነካ ይሻላል። አኳራጅ ደግሞ ጭራሽ ላከርን አያሟሟም።

በሚረጭ ቆርቆሮ (ስፕሬይ) የሚመጣ የታሚያ ፕራይመር ወደው ወደ ኤርብራሽ የሚያዛውሩትም አሉ። በቱቦ ወደ ጠርሙስ ይረጫል፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ገፊው ጋዝ እስኪወጣ ለሰዓታት ይተዋል። ወዲያው ክዳኑን የዘጋ ወይም ወደ ኩባያው የገለበጠ ሰው አረፋ ይገነፍልበታል።

አረጫጨቱ እንዴት ነው?

ክፍሎቹ በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባሉ፤ በደንብ ይደርቃሉ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነኩም፤ የጣት ወዝ ይበቃል ለማበላሸት። ጠርሙሱ በብርቱ ይነቀነቃል፣ ታቹም በእንጨት ይፈለፈላል፤ ከባዱ ቅንጣት ሥሩ ተቀምጦ ከላይ ያለው ቀጭን ፈሳሽ ብቻ ከተረጨ ፕራይመር ተረጨ አይባልም። ኮምፕሬሰሩ የእርጥበት ማጥመጃ ይኑረው።

የመጀመሪያው ሽፋን ጤዛ ያህል ብቻ ነው፤ ፕላስቲኩ ገና ይታያል። አምስት፣ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ሁለተኛው እርጥብ ሆኖ ያርፋል፤ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ለሁለት ሰከንድ ያህል ያብረቀርቅና ይደበዝዛል። ያች ብልጭታ ናት ምልክቱ፤ ካልታየች ርጭቱ ደርቆ እያረፈ ነው፣ ቆይታ ከተንጠባጠበች በዝቷል። ርቀቱ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፤ እጅ ሳይቆም ይሄዳል፤ ርጭቱ ከክፍሉ ውጪ ይጀመራል፣ ከክፍሉ ውጪ ይቆማል። ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች በትንሽ ግፊት ቀድመው ይረጫሉ፤ ካልሆነ አየሩ ተመልሶ ቀለሙን ይገፋል። የ7 ሚሊ ሊትር ኩባያ አንድ ሙሌት ለአንድ ትንሽ የ1:72 ተዋጊ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ምን ይበላሻል? ለምን?

ገጹ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከሻከረ ጠብታዎቹ አየር ላይ እያሉ ደርቀዋል ማለት ነው። ኤርብራሹ ርቋል፣ ግፊቱ በዝቷል፣ ወይም ቲነሩ ቶሎ የሚተን ነው። ቀረብ ማለት፣ ግፊት መቀነስ፣ ማዘግያ ያለው ቲነር መጠቀም ነው መፍትሔው። ላከር ከሆነ የሻከረው በ2000 ቁጥር እርጥብ ወረቀት ይለሰልሳል።

ከኖዝሉ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ሲወጣ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ቲነር አንሷል። እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተጎዳጎደ ገጽ ደግሞ ወፍራም ውህድ በዝቶ ሲያርፍና ሳይዘረጋ ሲደርቅ ይመጣል። ሁለቱ ቢመሳሰሉም የኋለኛው በመታሸት ይድናል፤ ድሩን ግን ወዲያው በቲነር ማጠብና እንደገና መጀመር ይሻላል።

ርጭቱ ከአንድ ነጥብ ሸሽቶ ክብ ባዶ ቦታ ከተወ እዚያ ቅባት አለ፤ ከጣት፣ ከሻጋታ ወይም ከኮምፕሬሰሩ ዘይት። ላዩ ላይ ደጋግሞ መርጨት አይሸፍነውም፤ ታጥቦ ይደገማል። ላከር ነጭ ጭጋግ ካለበሰ አየሩ እርጥበት በዝቶበታል፤ ማሟሟያው ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘውና ጤዛ ይጥልበታል። ሌላ ቀን መጠበቅ፣ ወይም የሚዘገይ ቲነር ብቻውን በስሱ መርጨት አንዳንዴ ጭጋጉን ያነሳዋል።

በውሃ የሚሠራው ሲሆን የተለመደው ችግር ርጭቱ እየተቆራረጠ ድንገት ትልቅ ጠብታ መትፋቱ ነው። በመርፌው ጫፍ ላይ የደረቀ ቆዳ አለ። በየጥቂት ደቂቃው በቲነር በተነከረ የጥጥ እንጨት ጫፉን መጥረግ እንጂ ግፊት መጨመር አያድነውም፤ ግፊት ማድረቁን ያፋጥነዋል። ሥራው ሲያልቅም "ትንሽ ሻይ ልጠጣና አጥበዋለሁ" የሚባል ነገር የለም።

ሽታ የለውም የተባለው ጉዳት የለውም ማለት ነው?

አይደለም። በውሃ የሚሠራውም ሲረጭ ደቃቅ የፕላስቲክ ጉም ነው፤ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ውሃው ይሄዳል፣ ሬዚኑ ይቀራል። ለሱ ጥሩ የአቧራ ማስክና አየር ማውጫ ያስፈልጋሉ። ላከር ሲሆን የአቧራ ማስክ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ትነት በጨርቅ አይጣራም። የከሰል ማጣሪያ ያለውና ለኦርጋኒክ ትነት የተሠራ ማስክ፣ ከቅንጣት ማጣሪያ ጋር፣ ፊት ላይ ሳይከፈት የሚገጥም መሆን አለበት። ትነቱ ይቀጣጠላል፤ እሳት፣ ሲጋራ፣ ብልጭታ የሚያወጣ ሞተር ያለው ማራገቢያ በአቅራቢያው አይኑር። ክፍሉ አየር ወደ ውጪ የሚያስወጣ ነገር ከሌለው የላከር ጥቅም ሁሉ ተረስቶ በውሃ ወደሚሠራው መሄድ ነው፤ ትንሽ መጠበቅና ትንሽ በጥንቃቄ ማጠብ ነው ልዩነቱ።

ስንት ሰዓት ልጠብቅ? መያዙንስ በምን ላረጋግጥ?

ላከር በደቂቃዎች ለእጅ ይደርቃል፤ ለማሸት ግን ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት፣ ለፕላስተር ደግሞ አንድ ሌሊት ቢሰጠው ይመረጣል። ፖሊዩረቴን ከ24 ሰዓት በታች አይነካም፤ ሊታሽ ወይም ፕላስተር ሊለጠፍበት ከሆነ 48 ሰዓት ቢቆይ አይከፋም። ቀዝቃዛ ክፍል ይህን ሁሉ ያረዝመዋል። አሁንም የሚሸት ከሆነ ገና ማሟሟያ እያወጣ ነው፤ አፍንጫ እዚህ ላይ ከሰዓት የተሻለ ይመሰክራል።

አዲስ ፕራይመር ሲገዛ በሞዴሉ ላይ አይፈተንም። የኪቱ ክፍሎች ተያይዘው የሚመጡበት የፕላስቲክ ክፈፍ ከራሱ ከኪቱ ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ ከሱ የተሻለ መሞከሪያ የለም። ጠፍጣፋ ቦታ ተፈልጎ ግማሹ ይታጠባል፣ ግማሹ ሳይታጠብ ይቀራል፤ ፕራይመሩና የላይኛው ቀለም ይረጭና ይደርቃል። በስለት ጫፍ ሁለት ሦስት መስመር በአግድምና በቁም ይጫራል፣ የወረቀት ፕላስተር በጣት ተጭኖ ይለጠፋል፣ ከዚያም በሹል አንግል በአንዴ ይነሳል። ፕላስተሩ ላይ የተጣበቀው የላይኛው ቀለም ብቻ ከሆነና ፕራይመሩ ከቀረ ጥፋቱ በፕራይመሩና በቀለሙ መካከል ነው፤ አለመስማማት ወይም ችኮላ። እርቃን ፕላስቲክ ከታየ ጥፋቱ ፕራይመሩ ሥር ነው። ያልታጠበው ግማሽ ብቻ ከተነሳ ደግሞ ፕራይመሩ ነፃ ነው፤ ሳሙናው ነው የጎደለው።